ከውሸት ጋር ላስታረቁኝ ለጋሽ አጵሎስ

ለተከበሩ ጋሽ አጵሎስ
የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር፣ የ«ዱቡሻ» ቴሌግራም ቡድን መሥራችና ብቸኛ አስተዳዳሪ
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ

ጉዳዩ፦ የተያዘው ሳር እንዲነሳልን ስለመለመን

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ከጫሞ በኩል እርጥብ ንፋስ ሲነሳ የሚነሳብዎት የጉልበት ቁርጥማት ታገሰልዎት ወይ? ወይዘሮ ሻሺቱስ፣ የልጅ ልጆችዎስ፣ የጓሮው ማንጎስ እንዴት ከረሙ? እኔ፣ የወዳጅዎ የኦይታ ልጅ ጌጤ፣ ከድካም በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ድካሙም ቢሆን አዲስ ነገር አይደለም፤ አሥራ ስድስት ዓመት በጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ላይ የቆየች ሴት ደክሞኛል ብትል ማንም «ምን ሆንሽ?» ብሎ አይጠይቃትም።

ይህን ደብዳቤ አሳትሜ ከባጃጅ ተራው ፊት ለፊት ባለው ፎቶ ኮፒ ቤት ግድግዳ ላይ ያስለጠፍኩት እርስዎን በአደባባይ ለማሳፈር አስቤ እንዳልሆነ ይረዱልኛል ብዬ አምናለሁ፤ ሌላው በር ሁሉ ስለተዘጋብኝ ነው። ከቡድኑ ካስወጡኝ ዛሬ ሃያ ሁለት ቀን ሆነኝ። ስልክዎ ይጠራል፣ አይነሳም። ቤትዎ ስመጣ ለጸሎት ወጥተዋል ይሉኛል፤ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ስጠይቅ ደግሞ ለእድር ጉዳይ ወጥተዋል ይሉኛል፤ እንዲህ ያለ ዕረፍት የማያውቅ አባት ስለሰጠን ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ግድግዳ ግን የትም ስለማይሄድ እነሆ እዚህ ተገናኝተናል።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ፣ ባጃጅ እስኪሞላለት ቆሞ የሚያነበው መንገደኛ ግራ እንዳይገባው፣ እርስዎ የሚያውቁትን ነገር ከሥሩ ብጀምረው ይቅር ይበሉኝ። ጋሽ አጵሎስ ከአራት ዓመት በፊት «ዱቡሻ» የሚባል የቴሌግራም ቡድን አቋቋሙልን። ዱቡሻ ማለት፣ ለማያውቀው፣ የጋሞ ሰው ተሰብስቦ የሚመክርበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ ያጠፋ ጥፋቱን የሚናገርበት አደባባይ ነው። በስልካችን ውስጥ ባለው ዱቡሻ ዛሬ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሰው አለ። ውሃ በየትኛው ቀን እንደሚለቀቅ፣ የሙዝ መኪና ከጫኖ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚነሳ፣ የማን ፍየል የማን ጓሮ እንደገባች የምንሰማው እዚያው ነው። ተሳዳቢ አይቆይበትም፣ ዘር አይቆጠርበትም። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ቡድን አቆይቶ ማኖር ትልቅ ሥራ ነው፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ምስጋናዎች ግን ከልቤ ናቸው ብዬ አልምልም።

አንደኛ፤ ለእንግዳ ተቀባይነትዎ አመሰግናለሁ። የዛሬ ሰባት ሳምንት፣ የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ በተጀመረበት ማክሰኞ ጠዋት፣ የሙዝ ነጋዴው አቶ ዮናስ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ አራት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ የሚፈጅ የድምፅ መልእክት ወደ ዱቡሻ አስተላለፈ። ተናጋሪው «ዶክተር ነኝ» ይላል፤ ስሙን አይናገርም፣ የሚሠራበትን አይናገርም። መርፌው ሴት ልጆችን መካን ያደርጋል፣ ሌላ ሀገር አልፈልግም ብሎ የጣለው ነው ይላል። ሲናገር ደግሞ ድምፁ እንዴት ያምራል! እኔ በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ረጋ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። ከተናገረው አንዱም እውነት አይደለም። መርፌው ለልጆቻችን ስንሰጠው የኖርነው ያው የኩፍኝ ክትባት ነው፤ እኔ ራሴ በልጅነቴ ተወግቼው ሦስት ወልጃለሁ፣ ሦስተኛውንማ ሳላስበው ነው የወለድኩት።

በዚያች ሰዓት የእድሩ አዳራሽ በር ላይ የክትባት ሳጥኔን ከፍቼ ተቀምጬ ነበር። ስልሳ ያህል እናቶች ተሰልፈዋል። በሰልፉ መሃል ስልኮች በየተራ ጮሁ፣ አንዷ ለሌላዋ አሰማች፣ ሰልፉም ከኋላ በኩል መሳሳት ጀመረ። ከፊት አራተኛ የነበረችው ምኞት ናት፤ መናኸሪያው አጠገብ የጫሞ ዓሣ የምትሸጠዋን ምኞት ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። የሦስት ዓመት ልጇን አቢጋኤልን በእጇ ይዛለች፣ አሮንን በጀርባዋ አዝላለች። አሮን ያን ጊዜ ገና ስምንት ወሩ ስለነበር ዕድሜው ለክትባቱ አልደረሰም፤ የመጣችው ለአቢጋኤል ነበር። ከፊቷ የነበሩትን ሦስት ልጆች ከተብኩ። አንድ ብልቃጥ ለአሥር ልጅ ነው፤ አንዴ ከተበጠበጠ ደግሞ ዕድሜው ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። ምኞት እኔን አየች፣ ስልኩን አየች፣ «እስቲ ጋሽ አጵሎስ የሚሉትን ልስማ» ብላ ልጇን ይዛ ሄደች፤ የቀሩትም ተከተሏት። እኔም እስከ ስምንት ሰዓት ጠብቄ የሰባት ልጅ ክትባት ደፋሁ።

ሁለተኛ፤ ለፍትሐዊነትዎ አመሰግናለሁ። መምህር አስናቀ፣ ከጎጃም መጥተው እዚህ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩን ጡረተኛው ጎረቤታችን፣ በቡድኑ ውስጥ አንድ መስመር ብቻ ጻፉ፦ «የዶክተሩ ስም ማን ይባላል?» ሌላ ምንም አላሉም። እርስዎም በሌለ ሰው ላይ ጥያቄ ማንሳት ሐሜት ነው ብለው ማስጠንቀቂያ ሰጧቸው። መምህር ከዚያ ቀን ወዲህ በዱቡሻ ውስጥ የሚጽፉት ስለ ጠፉ ፍየሎች ብቻ ነው።

ፍየል ካልኩ አይቀር፣ ባለፈው ጥር ሁለት ሰዎች አንዲትን ፍየል የእኔ ናት፣ የእኔ ናት ብለው በቡድኑ ውስጥ ሲጨቃጨቁ ያደረጉትን አልረሳሁም። አራት ቀን አጣሩ። ምስክር ጠሩ፣ የጆሮዋን ምልክት በፎቶ አስልከው አዩ፣ ጫኖ ድረስ ሰው ሰደዱ። የዋሸውን ሰውዬ በስም ጠርተው «ዋሽተሃል» አሉት፣ ለአንድ ወርም ከቡድኑ አገዱት። ስለ ክትባቱ ስጠይቅዎ ግን «እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ በማላውቀው አልፈርድም» አሉኝ። ልክ ነዎት፣ ሐኪም አይደሉም። የፍየል ሐኪምም አልነበሩም ግን።

ሦስተኛ፤ ስላስታረቁኝ አመሰግናለሁ። ይህኛው ረዘም ስለሚል ባጃጁ የሞላለት መንገደኛ ይሂድ፣ አልቀየመውም።

ከአቶ ዮናስ መልእክት ሥር አሥራ ሁለት መስመር መልስ ጽፌ ነበር። ክትባቱ ምን እንደሆነ፣ ኩፍኝ ልጅን ምን እንደሚያደርግ ገለጽኩ፤ የጠረጠረ ሰው መጥቶ ብልቃጡን በዓይኑ እንዲያይ ጋበዝኩ፤ ስልክ ቁጥሬንም አስቀመጥኩ። አቶ ዮናስ «ውሸታም አለችኝ» ብሎ ተቀየመ። ውሸታም አላልኩትም፤ «ያስተላለፍከው ውሸት ነው» ነው ያልኩት፤ ልዩነቱ ለእኔ ይታየኛል፣ ለእሱ አልታየውም። ዘመዶቹ ተነሱ፣ የእኔም ዘመዶች አልተኙም፣ እስከ ረቡዕ ማታ መቶ ሰባ መልእክት ተጻፈ። ያን ጊዜ እርስዎ የሰላም ሰው ደረሱልን።

ሐሙስ ከሰዓት ሁለታችንንም እድር አዳራሽ አስጠሩን። ልማዳችንን ለማያውቅ ልንገር፤ በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ ከዚያ ወዲያ አንድ እርምጃ የሚራመድ፣ አንድ ቃል የሚጨምር የለም። ድንጋይ ያነሳ እጅ እንኳ ይወርዳል፤ ሳር የጣሰውን መዓት ያገኘዋል ይባላል። እርስዎም ሳር ያዙ። በሰባ ዓመትዎ፣ በዚያ ጉልበትዎ፣ ሲሚንቶው ላይ ሊንበረከኩ ሲሉ እኔና አቶ ዮናስ ሮጠን ክንድዎን ያዝን። «ሁለታችሁም ልጆቼ ናችሁ፤ ሁለታችሁም ትንሽ ትንሽ እውነት አላችሁ፤ በሉ ተሳሳሙ» አሉን። ተሳሳምን። እሱ ይቅርታ ጠየቀ፣ እኔም ይቅርታ ጠየቅሁ። ከዚያም እዚያው ቆመው በስልክዎ የሳር ምስል ወደ ዱቡሻ ላኩና «ስለ ክትባት የተነሳው ነገር በሳር ተዘግቷል፤ ከእንግዲህ አንድ ቃል የሚጨምር ሰላማችንን የጣሰ ነው» ብለው ጻፉ። ሰላሙን ለማጽናትም ነገር የጫረውን የእኔን ጽሑፍ አጠፉት። የድምፅ መልእክቱን ግን ተዉት፣ እሱ እኮ ማንንም በስም አልነካም!

እንግዲህ ጋሽ አጵሎስ፣ እኔና ዮናስ መች ተጣላን? የእሱን ሙዝ ስበላ ነው ያደግሁት። በዚያ አዳራሽ ውስጥ የታረቁት እኛ አይደለንም፣ ውሸትና እውነት ናቸው፤ ሲታረቁም ውሸቱ ቤቱን ይዞ ቀረ፣ እውነቱ ለሰላም ሲባል ወጣ ተባለ። አባቶቻችን ሳር ከመያዛቸው በፊት የሚያደርጉት ነገር ነበር፤ ያጣራሉ። ተናጋሪው በዱቡሻው መሃል ይቆማል፣ የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል፣ ያየውን ከሰማው ይለያል፣ ያጠፋም «አጥፍቻለሁ» ይላል። ሳሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እርስዎ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ አባቴ የሽምግልናን ወግ የተማረው ከእርስዎ አባት እግር ሥር ተቀምጦ ነው። የእኛ ዶክተር ግን መሃል ላይ አልቆመም፣ የማን ልጅ እንደሆነም እስከ ዛሬ አናውቅም፤ ሳር ግን ተያዘለት።

እዚህ ላይ የራሴንም ልናገር። ያን ቀን እምቢ ማለት እችል ነበር። ደክሞኝ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ አርባ ሦስት በር አንኳኩቼ የተከፈተልኝ ስምንት ነበር፤ ባልተከፈተው በር ሁሉ ላይ ተመልሼ እንድመጣ በጠመኔ ምልክት አድርጌ፣ ጣቴ እንደ መምህር አስናቀ ጣት ነጥቶ ነው አዳራሹ የገባሁት። እርስዎ ደግሞ በሠርጌ ቀን የመረቁኝ አባቴ ነዎት፤ ጉልበትዎ ሲሚንቶ ላይ ሲያርፍ ማየት አቃተኝ። «ይቅርታ» አልኩ። ምን አጥፍቼ ነው ይቅርታ ያልኩት? አሁንም ራሴን እጠይቃለሁ። በዚህ ደብዳቤ ብዙ ሰው እየወቀስኩ ነው፤ ከሁሉ በፊት የምወቅሰው ግን ራሴን ነው፣ ያን ሳር እኔም ነክቼዋለሁና።

አራተኛ፤ ስለ አንድ አያት አመሰግናለሁ። ስማቸውን አልጠራም፣ የሙያ ምስጢር አለብኝ። ሳሩ በተያዘ ማግስት፣ ዓርብ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጤና ጣቢያው ገና ሥራ ሳይጀምር፣ እኒህ አያት ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው በጓሮው በር መጡ። «ጌጤ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ደህና ነገር ነው?» አሉኝ። ደህና ነገር ነው አልኳቸው። «በይ እንግዲህ፣ እኔ አንቺን አምናለሁ» ብለው የሕፃናቱን እጅጌ በገዛ እጃቸው ሰበሰቡልኝ። የተከተበ ልጅ እንዲታወቅ ጣቱን ቀለም እንቀባለን፤ ልቀባ ስል «ተዪው፣ ሰው ያያል» አሉኝ። ተውኩት። ሕፃናቱ ዛሬ ከእድር አዳራሹ ጀርባ ኳስ ሲያባርሩ አያቸዋለሁ፣ ደስም ይለኛል። እኒህን አያት ምናልባት ያውቋቸው ይሆናል፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ካገኟቸው ስላመኑኝ ያመስግኑልኝ። ያችን «አምናለሁ» የምትል ቃል ለአንድ ሺህ ስድስት መቶ ሰው ቢያካፍሏት ምን ይጎድልባቸው እንደነበር ግን አልገባኝም።

አምስተኛ፤ ስለ አቢጋኤል።

ምኞት የእርስዎን ቃል ልስማ ብላ እንደሄደች ጽፌያለሁ። ሰማች። የሰማችው የሳሩን ምስልና ከእሱ በላይ እንደተቀመጠ የቀረውን የድምፅ መልእክት ነው። ከዕርቁ በኋላ ቅዳሜ ዕለት ቤቷ ብሄድ በሩን ገርበብ አድርጋ «ውሸት ቢሆን ጋሽ አጵሎስ ያጠፉት ነበር፤ የአንቺን እኮ አጥፍተውታል» አለችኝ። ምን ልበላት? በእሷ ቦታ ብሆን እኔም እንዲሁ ነበር የማስበው። እርስዎ ከነገሩ ጦም እደሩ ብለው ዝም ያሉ መስሎዎታል፤ ምኞት ግን ዝምታዎን ሰምታ ነው ልጇን ያስቀረችው።

በአራተኛው ሳምንት መጀመሪያ ላይ አቢጋኤልን ትኩሳት ያዛት። እናቷ ሦስት ቀን የሽፈራው ቅጠል ቀቅላ አጠጣቻት። ዓይኗ ቀላ፣ ሽፍታው ከጆሮዋ ሥር ጀምሮ ወረደ፣ ከዚያ ትንፋሽ አጠራት። ሆስፒታል አሥራ አንድ ቀን ተኛች። ተርፋለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የግራ ዓይኗን ግን ነጭ ነገር ጋርዶባታል፤ ሐኪሙ «እናያለን» ነው የሚለው፣ ሐኪም እናያለን ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ደግሞ እኔ አውቃለሁ። ባለፈው እሑድ ማንጎ ይዤላት ሄጄ እጄን ብዘረጋላት፣ አንገቷን ሙሉ በሙሉ አዙራ በቀኝ ዓይኗ ፈልጋ ነው የተቀበለችኝ። ሦስት ዓመቷ ነው፤ ማንም ሳያስተምራት አንገቷን ማዞር ለምዳለች። አልደብቅዎትም፣ መንገድ ለመንገድ እያለቀስኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

ልጅቷ ሆስፒታል በገባች በሁለተኛው ቀን በዱቡሻ ውስጥ እንዲህ ብዬ ጽፌ ነበር፦ «በሰፈራችን ኩፍኝ ገብቷል፤ ያልተከተበ ልጅ ያላችሁ አምጡልኝ።» በስድስተኛው ደቂቃ ጽሑፉ ጠፋ፣ በሰባተኛው እኔ ጠፋሁ፤ ሳር ጥሰሻል ተባልኩ። በዚያው ቀን በቡድኑ ደንብ ላይ አዲስ ሰባተኛ አንቀጽ ጨመሩ፦ «በሽታንና ሕክምናን የሚመለከት ማንኛውም ጽሑፍ፣ ከቀብር ማስታወቂያ በስተቀር፣ ያለ አስተዳዳሪው ፈቃድ አይለጠፍም።» መምህር አስናቀ ናቸው አንብበው የነገሩኝ። አረቃቀቁ ላይ አስተያየት የለኝም፣ ሁሉም ነገር በቦታው አለ።

አያቶቻችን ጎሜ የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ ተሸፍኖ የቀረ ጥፋት ቆይቶ በልጅ ላይ ይወጣል ይሉ ነበር። እኔና እርስዎ ወንጌል የተቀበልን ሰዎች ስለሆንን ይህን አናምንም። እኔ የማውቀው ቫይረስ ነው። ቫይረስ ደግሞ ሽማግሌ አያከብርም፣ ሳር ተያዘ ብሎም አይቆምም።

ስድስተኛ፤ ይህ የእኔ አቤቱታ እንኳ አይደለም፣ የአቶ ዮናስ ነው። አቶ ዮናስ ክፉ ሰው አይደለም። አቢጋኤል ተኝታ ሳለ አንድ ዘለላ ሙዝ ተሸክሞ ሆስፒታል መጣ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ብዙ ቆየ። ሲወጣ በረንዳው ላይ «ጌጤ፣ እኔ እኮ ያስተላለፍኩት ብቻ ነው» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። በማግስቱ ወደ እርስዎ መጥቶ የድምፅ መልእክቱን ላጥፋው ወይ ብሎ ፈቃድ ጠየቀ፤ እርስዎም «በሳር የተዘጋ ነገር አይነካካም፣ ቁስል መቀስቀስ ነው» ብለው መለሱት። የሳተውን ሰው እንኳ እንዳይመለስ የሚጠብቅ እንዲህ ያለ ጽኑ ሰላም የት ይገኛል? መልእክቱም ዛሬ ድረስ በቦታው አለ። ከትናንት ወዲያ በባጃጅ ስሄድ ሾፌሩ ለአንዲት ነፍሰ ጡር ሲያሰማት ሰማሁ። እኔን አላወቀኝም፤ «ስሚው፣ ዶክተር ነው» አላት።

ሰባተኛውን አንቀጽ እርስዎ ስለወሰዱት እኔ በስድስት ላይ አቆማለሁ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። የፊታችን ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በዚያው አዳራሽ በር ላይ ሳጥኔን ይዤ እቀመጣለሁ፤ የተፈቀደልኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። በሰፈሩ ውስጥ ሌሎች አምስት ልጆች ኩፍኝ ይዟቸው ተኝተዋል። አሮን ዘጠኝ ወሩን አልፏል፣ አሁን ተራው ነው። እህቱን ትኩሳቱ ሲጀምራት ዶርዜ ያሉት አያቱ ወስደውት ስለነበር ለጊዜው ተርፏል፤ ባለፈው ሐሙስ ግን ወደ እናቱ ተመልሷል። ቤታቸው ደግሞ ከታመሙት ልጆች ከአንዱ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል።

ምኞትን ትናንት ሄጄ ለመንኳት። አልተቆጣችም፣ በሩንም አልዘጋችብኝም፣ እንዲያውም ውሃ አጠጣችኝ። «ሳር የተያዘበትን ነገር እኔ ድሃዋ እንዴት ልጣስ? አንዷን ልጄን አየሻት፤ ሌላ መዓት ብጨምርስ? ጋሽ አጵሎስ ራሳቸው ያንሱት። አንስቻለሁ ካሉ ሰኞ ከሁሉ ቀድሜ እሰለፋለሁ» አለችኝ። እንግዲህ ይኸው ነው። ትምህርቴ፣ አሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ከዞኑ በበረዶ ተጭኖ የሚመጣው ብልቃጥ፣ ይህ ሁሉ ተሰብስቦ ከአንዲት እናት በር ላይ ቆሞ የእርስዎን አንዲት ቃል ይጠብቃል።

የምለምነው ግማሽ ደቂቃ የማይሞላ የድምፅ መልእክት ነው። እንዳይደክምዎት ቃሉን አዘጋጅቼልዎታለሁ፦ «እኔ አጵሎስ ነኝ። የክትባቱን ነገር ሳላጣራ በሳር መዝጋቴ ስህተት ነበር፤ አንስቼዋለሁ። የእኔ የልጅ ልጆች ተከትበዋል። ሰኞ ልጆቻችሁን ውሰዱ።» የልጅ ልጆቹን ነገር እርስዎን የሚመለከት እንደሆነ ብቻ ያስገቡት። ድምፅዎ ከዶክተሩ ድምፅ ይልቅ ያምራል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የማን ልጅ እንደሆኑ እናውቃለን።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ሦስት ጊዜ ብለውኛል። ይጠራል፣ አልክድም። አቢጋኤል ግን እያደር እየጠራላት አይደለም።

ዕድሜ ከጤና ጋር ያድልልኝ፤ ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ ወይዘሮ ሻሺቱንና እነዚያን ኳስ የሚያባርሩ ሕፃናት ይሳሙልኝ። ሳስቀይምዎ ኖሬ ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ይቅርታ መጠየቅ እንደማይከብደኝ እርስዎ ያውቃሉ።

ከማይጎድል አክብሮት፣ ከብዙ ፍቅርና ከበለጠ ድካም ጋር፣
በሠርጓ ቀን የመረቋት፣ በሰባተኛው ደቂቃ ያስወጧት ልጅዎ
ጌጤ ኦይታ
የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለአቶ ዮናስ፣ ሙዝ ማራገፊያው
ለመምህር አስናቀ፣ ፍየሎቹን ለጊዜው ትተው እንዲያነቡት
ስማቸው ላልተጠቀሰ አንድ አያት
ስሙ ላልታወቀው ዶክተር፣ ባለበት

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ሰባተኛውን አንቀጽ እንዲሰርዙት አልጠይቅም፣ እንዳለ ይቆይ። ምኞት ስልኳን ቻርጅ አድርጋ እስከ እሑድ ማታ ድምፅዎን ትጠብቃለች። ካልመጣም አይጨነቁ፤ ከሰኞ በኋላ ስለ አሮን የሚለጠፈው የእርስዎን ፈቃድ የማይጠይቀው ዓይነት ሊሆን ይችላል።